በ«ቀ» ብቻ ማዕድ ይሞላል ብዬ ብጽፍ

ነገሩ የተጀመረው ከልጄ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው ሜሪላንድ። የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ከለጠፍኩላት ሁለት ዓመት አልፏል። ሀ ሁ ሂ ማለቱንማ ትለዋለች። ግን እንደ ዘፈን ነው። መሃል ላይ አስቁሜ ይቺ ማን ናት ስላት ከመጀመሪያው ካልተነሳች አይሆንላትም።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። በየእሁዱ አንድ ፊደል እንመርጣለን። የዚያን ቀን ማታ የሚቀርበው ሁሉ ስሙ በዚያ ፊደል መጀመር አለበት። በ«ሸ» ሽሮና ሽምብራ በላን። በ«ደ» ዶሮ ወጥ፣ ድንች፣ ዱባና ዳቦ ተደርድሮ ቤቱ ድግስ መሰለ። የ«ቀ» ሳምንት ሲመጣ ግን ዝርዝሩን ስጽፍ ወረቀቱ ጠበበኝ።

እኔም ወሬ አላሳድርም። ማታውኑ የውይይት መድረክ ላይ ወጣሁና ከፊደሎቻችን ሁሉ ለማዕድ የታደለው «ቀ» ነው ብዬ ጻፍኩ። አስራ ሁለት ስም ደረደርኩ፦ ቂጣ፣ ቃተኛ፣ ቅንጬ፣ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ቅቅል፣ ቀይ ወጥ፣ ቁርጥ፣ ቆጮ፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ቅቤ። የቀረኝ ካለ ጨምሩልኝ አልኩ። አምስት ስድስት ሰው ይመልስ ይሆናል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 17 መልስ ጠበቀኝ። በሳምንቱ 44 ደረሰ። ሰው ሥራ የለውም እንዴ አልኩ። ለነገሩ እኔም ሥራዬን ትቼ ሁሉንም አነበብኩት።

የጻፉትን ቃል በቃል አልገለብጥም፤ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም። ፍሬ ነገሩን ግን በየቁጥሩ ልንገራችሁ።

1ኛዋ የደሴ ልጅ ናት። ልጆችሽ ይደጉልሽ ብላ መርቃ፣ ቀይ ስርና ቀይ ሽንኩርት ጨመረችልኝ። እንዲህ ያለ መልስ የውይይት ክር ሲጀምር ደስ ይላል። ሁሌም የመጀመሪያዋ ጨዋ ናት።

2ኛው ወደ ቅመሙ ሄደ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። «ቆረሪማ» ብሎ ጨመረ። 3ኛው ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ኮረሪማ በ«ኮ» ነው ብሎ ሄደ። 4ኛው መልስ የዚያው የ2ኛው ሰው ነው፤ እኛ አገር በ«ቆ» ነው የምንለው ብሎ ተሟገተ። 5ኛው ደግሞ ሳይንሱ ራሱ ለተክሉ ስም ሲያወጣ «ኮረሪማ» የሚለውን የእኛን ቃል ወስዶ እንደተጠቀመ አስረዳ። እውነቱን ነው። ግን አንድ እፍኝ ቅመም እንዲህ ያናክሳል ብዬ አልጠበቅኩም።

6ኛው ሰው የዚህ ክር ባለቤት ነው ማለት ይቻላል። እኔ ከፍቼው እሱ ወረሰው። አጭበርብረሻል ነው ያለኝ። ቂጣ በ«ቂ» ነው። ቃተኛ በ«ቃ» ነው። ቆሎ በ«ቆ» ነው። እነዚህ ሦስቱ በምን ሒሳብ አንድ ፊደል ሆኑ? ገበታው ላይ 33 ረድፍ በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው፤ 33 ብቻ አይደለም። ቋንጣማ ጭራሽ ከሰባቱም ውጭ ነው፤ «ቋ» ዲቃላ ነው። ስለዚህ ከአስራ ሁለቱ በትክክል በ«ቀ» የሚጀምረው ቀይ ወጥ ብቻ ነው፤ ልጆችሽን በቀይ ወጥ ብቻ አሳድሪያቸው።

ዝርዝሬን መልሼ አየሁት። እውነትም ቀይ ወጥ ብቻ ነው። ተናደድኩ።

7ኛዋ ሳቀችበት። በዚህ ሕግ ከሄድን እንግሊዞቹ 26 ቀን በልተው ይጨርሳሉ፣ እኛ ግን ለ231 እሁድ መደገስ አለብን አለች።

8ኛው መልስ ረጅም ነው። ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ጀርመን አገር ይኖራሉ። መጀመሪያ አንድ ነገር አረሙ። 6ኛው ሰው በመሃል «ቀ» በገበታው ዘጠነኛ ነው ብሎ ነበር። እሳቸው ስምንተኛ ነው አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግዕዝ «ሸ» የለውም፤ በግዕዙ ሲቆጠር «ቀ» ስምንተኛ ይወጣል፣ በአማርኛው ዘጠነኛ።

ከዚያ የእኔን ልጅ ጉዳይ አነሱ። ፊደልን እንደ ዘፈን መሸምደድ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም፣ የድሮ የኔታዎችም ያውቁት ነበር አሉ። ለዚህ ነው ሀሁ ካለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚመጣው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቅደም ተከተሉ ስለሚፈርስ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ እንጂ በዜማው ማወቅ አይችልም። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሀሁን ብቻ አስጮኻታለሁ! አቡጊዳን እኔም ልጅ ሆኜ ብየዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም።

በ9ኛው መልስ እሳቸው ራሳቸው ተመልሰው ስለ ቆሎ ጻፉ። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው በየደጃፉ በእንተ ስማ ለማርያም ሲሉ የሚለቀቅባቸውን ውሻ፣ የሚሰጣቸውን ደረቅ እንጀራ። ቆሎ የተገኘ ቀን ግን ሌላ ነው። አይሻግትም፣ አይበላሽም፣ ኪስ ውስጥ ይያዛል። ትምህርቱ ላይ ሆነው አንዲት አንዲት እያሉ ይቆረጥሙታል። ውሃ ሲጠጡበት ሆድ ውስጥ ያብጣል፤ ጥጋብ ይመስላል። ይህንን ያሉት ሳያማርሩ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

10ኛው ደግሞ መጥቶ ቆሎ ምግብ ነው ወይስ መቆያ ብሎ ጠየቀ። ሰዓቱን አያውቅም አንዳንድ ሰው። 11ኛዋ ከላይ ያለውን ሳታነብ ነው የጻፍከው፣ ርቦህ አያውቅም ማለት ነው ብላ ነደለችው። ከዚያ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

12 እና 13 ስለ አጻጻፍ ናቸው። ቃተኛ ነው ካተኛ፣ ቅንጬ ነው ቂንጬ። ምግብ ቤቶች ሁሉንም ይጽፋሉ። እኔ ቅቤና በርበሬው እስከተቀባ ድረስ እንጀራው በምንም ስም ይምጣ ባይ ነኝ። እንለፈው።

14ኛው ቁልቋል ጨምሪ አለኝ። 15ኛዋ ደነገጠች። ቁልቋል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በየአጥሩ የሚተከለውን ወተታሙን ዛፍ ነው፤ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ጉድ ነው። የሚበላው ባለእሾሁ ፍሬ ነው፤ እሱን በለስ በሉት፤ ሰው ሰምቶ ልጁን እንዳይመርዝ። ጥሩ እርማት ነው። 16ኛው ደግሞ ከዚያ ተነስቶ ቀጋን አስታወሰን። በየገደሉ ዳር የሚበቅለው የሐበሻ ጽጌረዳ፣ ነጭ አበባ አውጥቶ ቀይ ፍሬ የሚያፈራው። ከብት ስንጠብቅ ውስጡን ጠራርገን ቅርፊቱን እንበላ ነበር አለ። በአንድ ጊዜ ክሩ አጋምና ኮሽም፣ ሾላና እንኮይ ሆነ። አንዱም በ«ቀ» አይጀምርም። ማንም ግድ አልሰጠውም፤ እኔም አልከለከልኩም።

18ኛውን ሳነብ ግን ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። እናቱ 3 ኪሎ ቋንጣ አድርቃ፣ በርበሬና ጨው አሽታ፣ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ አሸከመችው። ስጋ ወደ አሜሪካ ማስገባት እንደማይቻል እሷን ማስረዳት አልቻለም። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አንዲት ጆሮዋ ረጅም ውሻ መጥታ ሻንጣው አጠገብ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፣ አልተናከሰችም፤ ዝም ብላ ቁጭ። ሰውየው ቋንጣውን ፊት ለፊቱ ቆሻሻ ውስጥ ሲጥለው ያለቅስ ነበር ማለት ይቻላል። ማታ እናቱ ደውላ እንዴት ነው ስትለው በጣም ይጣፍጣል አላት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 5 ኪሎ አዘጋጅታ ጠበቀችው።

እስከ 22 ድረስ ያለው የቋንጣ አሠራር ነው። አፓርታማ ውስጥ እንዴት ይደርቃል? አንዷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ገመድ ዘርግታ ማራገቢያ ትለቅበታለች። አንዱ ምድጃውን በትንሹ ለኩሶ በሩን ገርበብ አድርጎ ያሳድራል። የአዲስ አበባዋ ሴት አዘነችልን፤ እኛ ጋ ወጥ ቤቱ ጣሪያ ሥር ይሰቀላል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይደርቃል አለች። መልካም ነው፤ ቅናት አልኩ።

23ኛው ሁሉን አበላሸ። ቆጮን ከዝርዝሩ አውጪው፣ የሌለው ሰው ዳቦ ነው፣ ሽታውም አይቻልም ብሎ ጻፈ። እኔ ጽሑፉን ሳየው ከሥራ እየወጣሁ ነበር፤ ቤት እስክደርስ 24ኛው መልስ ተጽፏል። የጉራጌ ልጅ ናት። ስድብ የለበትም፤ ግን አንድ በአንድ ነው የገባችለት። እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሴቶች ናቸው ተሰብስበው የሚፍቁት። የተፋቀው በቅጠሉ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከዚያ ወጥቶ ይጨመቃል፣ ይከተከታል፣ ይነፋል፣ ይጋገራል። ገና ሲፋቅ ተጨምቆ የሚወርደው ውሃ ተቀምጦ ሥሩ የሚያጠልለው ነጩ ደግሞ ቡላ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን ሰው በእንሰት ይኖራል። ዝናብ ሲጠፋ እህሉ ሲከዳ እንሰቱ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። የሌለው ሰው ዳቦ ካልከው እሺ፤ የሌለው ሰው እንዳይሞት ያደረገ ዳቦ ነው።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠየቀችው፦ እናትህ ድፎ ዳቦ ስትጋግር ከሥር የምታነጥፈው ኮባ የምን ቅጠል ይመስልሃል? በቅጠሉ እየጋገራችሁ ግንዱን ትጠየፋላችሁ።

25ኛው መልስ ከሲዳማ የመጣ ነው፤ እኛ ዋሳ እንለዋለን፣ ታዲያ እሱ በ«ዋ» ነው ብሎ ነገሩን ሊያለዝብ ሞከረ። 26 ግን የዚያው የ23ኛው ሰው ነው። ይቅርታ ጠየቀ። ኮባ የእንሰት ቅጠል መሆኑን እንደማያውቅ አመነ። ኢንተርኔት ላይ ሰው አላውቅም ነበር ሲል ማየት ብርቅ ነው፤ እኔም ስለዚህ ሽታ ያለውን ረሳሁለት።

አሁን ወደ 27ኛው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ እስካሁን የተባለውን ሁሉ ሲያነቡ ከርመው ነው የመጡት። የጠየቁት ጥያቄ እኔ ያላሰብኩት ነው። «ቀ» ላይ ምግብ የበዛው ለምንድን ነው? መልሱን ከማዕዱ ሳይሆን ከምድጃውና ከቢላዋው ፈልጉት አሉ። ቆሎ የመጣው ቆላ ከሚለው ግሥ ነው። ቁሌትም የዚያው ዘመድ ነው፤ ሽንኩርቱን ስናቁላላ ማለት ነው። ቅቅል ከቀቀለ ነው። ቁርጥ ከቆረጠ። ቅመም ከቀመመ። ቁርስ ራሱ ቆረሰ ከሚለው ነው፤ ዳቦ ቆርሶ ቀኑን መጀመር። ቅቤን ከግዕዙ «ቅብእ» ጋር አያይዘውታል፤ ስንቀባው የኖርነው ስለዚያ ነው። የእኛ ሰው ምግቡን ሲሰይም ምን እንደሆነ አይደለም የሚለው፣ ምን እንዳደረገው ነው።

ከዚያ ወደ 6ኛው ሰው ዞሩ፤ ስሙን ሳይጠሩ። ቀቀለ በ«ቀ» ነው የሚጀምረው፣ ቅቅል በ«ቅ»። ሁለቱን ለያይተህ አንዱን ለሌላው ባዳ ካደረግከው አማርኛ የሚባል ነገር አይቀርም። ሰባቱ አንድ ቤት ናቸው፤ አናባቢው ልብሳቸው ነው።

በቃ፣ ዳኝነቱ ለእኔ ተሰጠ ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ለልጄ ነገርኳት። እሷ ግን ታዲያ ቂጣ ምን አድርገውት ነው አለችኝ። አላውቅም።

6ኛው ሰውም በ28 ያንኑ ጠየቀ። ቅቅልና ቁርጥን እሺ ልቀበል፤ ቋንጣስ ከየትኛው ግሥ ነው? መምህሩ ሁለት ቀን ሙሉ አልመለሱም። 29ኛዋ መዝገበ ቃላት እያገላበጡ ነው አይዟችሁ ብላ ቀለደች።

30ኛው ከዚያኛው ወገን ተነሳ። ሁሉም የምድጃችን ልጅ አይደለም አለ። ቀረፋና ቅርንፉድ በዐረብ ነጋዴ የገቡ ስሞች ናቸው። ቆስጣን ጣልያን ነው ያመጣልን። ይህ ልክ ነው፤ እንዲያውም ነገሩን ያጣፍጠዋል። አንድ ትሪ ላይ ግዕዙም፣ ዐረቡም፣ ጣልያኑም፣ ጉራጌውም በአንድ ፊደል ተሰልፈው ተቀምጠዋል። 31ኛዋ ደግሞ የ«ፈ»ን ቤት ለካችው። ፍትፍት ከፈተፈተ፣ ፍርፍር ከፈረፈረ። «ከ»ም ከተፈ ብሎ ክትፎ አለው። ስለዚህ «ቀ» የተለየ አይደለም፣ አንቺ ስላቀረብሽው ነው አለችኝ። ትንሽ ከፋኝ። ግን ትክክል ናት።

ክትፎ የሚለው ስም መነሳቱ ስህተት ነበር። ከ32 እስከ 35 ቁርጥ ይበልጣል ክትፎ ሆነ። አንዱ ሥጋ የሚያውቅ ሰው ሥጋውን አይከትፍም አለ፤ ሌላው ጥርስ ያለው ሁሉ ሥጋ ያውቃል ማለት አይደለም ብሎ መለሰለት። ከዚያ የሚናገሩት ስለ ሥጋ መሆኑ ቀረ። የመድረኩ አስተዳዳሪ ገብቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ፤ አንዱን መልስ እስከ ጭራሹ አጠፋው። ምን እንደተባለ አይቻለሁ። ባይደገም ይሻላል።

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ነው 36ኛዋ የመጣችው። ከእስራኤል ናት፣ ከነታንያ። ስለ ቂጣ ብቻ ጻፈች። አያቷ ጎንደር እያሉ ለአይሁድ ፋሲካ በዓል እርሾ የነካው ነገር ሁሉ ከቤት ይወጣ ነበር። የሸክላ ዕቃው ይሰበርና አዲስ ይሠራል። በበዓሉ ቀናት የሚበላው ቂጣ ነው፤ በየቀኑ ትኩስ ይጋገራል። ሊጡ እንዳይነሳ ውሃ ከነካው ጀምሮ ጥድፊያ ነው። እስራኤል ከገቡ በኋላ በካርቶን የታሸገውን ደረቅ ቂጣ ሲሰጧቸው አያቷ አገላብጠው አይተው ይህ እንግዳ ነው አሉ። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ምጣዳቸውን ያወጣሉ። ከዚህ መልስ በታች ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልጻፈም። ሲጋደሉ የነበሩትም ዝም አሉ።

37ኛው የሐረር ሰው ነው፤ ቁጢን ረሳችሁ አለ። የቡና ቅጠል ተፈልቶ የሚጠጣ ነው። 38ኛው መጠጥ ከተነሳ ቅራሪስ ብሎ ገባ፤ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቀጭኑ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው የምናዘጋጀው ስትል 39ኛዋ ገሠጸችው። ቅራሪ እኮ ልጅ ሁሉ ይጠጣዋል ብሎ ተከራከረ። በ40 መምህሩ ተመለሱ። የቋንጣን ነገር አላነሱም። ቆጭቆጫ የሚለውን ብቻ ጨምረው፣ ቃሪያውን ስትፈጪ ዓይንሽን እንዳትነኪ ብለው ወጡ።

እሁድ ደረሰ። ሁሉን አላበሰልኩም፤ እብድ አይደለሁም። ቂጣ ጋገርኩ፣ በቅቤና በበርበሬ ለወስኩት። ቅቅል ሠራሁ። ቆስጣ ጎን ለጎን አደረግኩ። ቆጮውን ከሀበሻ ሱቅ በበረዶ የታሸገ ገዛሁ። ቆሎ በሳህን። ከቀረፋና ከቅርንፉድ ሻይ አፈላሁ። ከመብላታችን በፊት ልጄ በየሳህኑ ፊት በትንሽ ወረቀት ስሙን እንድትጽፍ አደረግኩ። በአቡጊዳ ካለማመድኳት አራት ቀን ሆኖኛል። ቂጣን ጻፈች። ቆሎን ጻፈች። ቅቅል ላይ ቆመች። ሁለት «ቅ» ደረደረች፣ «ል» ጨመረች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ዘፈኑን አልዘፈነችም።

ትንሹ ወንድሟ ቆሎውን ጨርሶ ቆስጣውን ሳይነካ ተነሳ። ይኸውላችሁ ጣልያን ያመጣልን።

ፎቶውን በ41 ለጠፍኩት። 42ኛዋ የደሴዋ ናት፤ ደግማ መረቀችን። 43ኛው የሚቀጥለው ሳምንት ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ልጄን ጠየቅኳት፤ ሳታመነታ «ፐ» አለች። ፒዛ፣ ፓስታ፣ ፓፓያ። አዲስ አበባ ሄዳ የቀመሰችውን ፓስቲም ጨመረች። እኔም ይህንኑ ጽፌ ስልኬን ሳላስቀምጥ 44ኛው መጣ። 6ኛው ሰው ነው። ፒዛ በ«ፒ» ነው፣ ፓስታ በ«ፓ» ነው።